ስለ መንገደኛ ጤና፤ ከእስያ ታሪክ የተገኘ ትምህርት

(በሬድዮ የተነገረ)



በአገራችን ሰው ከሰው ሲገናኝ የመጀመሪያው ቃል የጤና ቃል ነው። መንገደኛም ከቤቱ ሲወጣ ዘመድ ወዳጁ ደጅ ድረስ ሸኝቶ «በሰላም ግባ፤ በጤና ያገናኘን» ይለዋል እንጂ፥ ብዙ አትርፈህ ና፥ ብዙ አይተህ ተመለስ በማለት አይጀምርም። ይህ ልማድ እንዲያው የአፍ ወግ ብቻ አይደለም። አባቶቻችን ለንግድ ቆላ ወርዶ በንዳድ የቀረውን፥ ወደ ኢየሩሳሌም ወይም ወደ መካ ሊሳለም ወጥቶ መንገድ ላይ ያረፈውን ሰው ያውቁ ስለ ነበር፥ ከጕዞ ትርፍ ሁሉ አስቀድመው ጤናን መለመናቸው በብዙ ኀዘን የተማሩት ነገር ነው።

ዛሬ መንገዱ አጥሯል። በሌሊት ከአዲስ አበባ የተነሣ መንገደኛ በማግስቱ ደልሂ፥ ባንኮክ ወይም ጓንጁ ይገኛል። ከመሥሪያ ቤቶቻችን ለስብሰባና ለትምህርት፥ ከነጋዴዎቻችን ዕቃ ለመግዛት፥ ከሕመምተኞቻችንም ለሕክምና ወደ እስያ የሚጓዘው ሰው ብዙ ነው። መንገዱ ቢያጥርም ግን የሰው ገላ ያው የጥንቱ ገላ ነው። እንዲያውም የጥንቱ መንገደኛ ቀስ እያለ ሲሄድ የየአገሩን ጠባይ እየለመደ ይሄድ ነበር፤ የዛሬው ግን ምንም ሳይለምድ በአንድ ሌሊት እንግዳ አገር ውስጥ ይጣላል። ስለዚህ በዛሬው ንግግራችን በእስያ ጐዳናዎች የተጓዙ ሰዎች ጤናቸውን እንዴት እንደ ጠበቁ፥ ሳይጠብቁ በቀሩም ጊዜ ምን እንደ ደረሰባቸው ከታሪክ ጥቂት እናወሳለን። ነገሩንም በሦስት ከፍለን እናየዋለን፤ መጀመሪያ ስለ ውሃ፥ ቀጥሎ ስለ ትንኝ፥ በመጨረሻም ስለ አገር በር። የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ስለ ውሃ ለመናገር ከሩቅ ዘመን እንጀምር። ከመጽሐፍ ቅዱስ ስሙን የምናውቀው የፋርስ ንጉሥ ቂሮስ ለጦርነት በሚዘምትበት ጊዜ፥ በሱሳ ከተማ አጠገብ ከሚያልፈው ከኮአስፔስ ወንዝ የተቀዳና የተፈላ ውሃ በብር ዕቃዎች ተሞልቶ፥ በቅሎዎች በሚስቧቸው ባለ አራት እግር ሠረገላዎች ተጭኖ ይከተለው እንደ ነበር የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ጽፏል። ንጉሡ ከዚህ ውሃ በቀር ሌላ አይጠጣም ነበር። በዚያ ዘመን በውሃ ውስጥ የሚኖሩትን ረቂቃን ተሐዋስያን ያየ ሰው አልነበረም። ነገር ግን የሰው አገር ውሃ መፈራት እንዳለበትና እሳት እንደሚያነጻው፥ ቢያንስ ለንጉሥ ማዕድ ሲሆን፥ የታወቀ ነበር ማለት ነው።

ንጉሥ ሠረገላ አለው፤ ተራው መንገደኛ ግን ምን ያድርግ? ለዚህ መልስ የምናገኘው ዪጂንግ ከተባለው የቻይና መነኵሴ ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ671፥ ዛሬ ነጋዴዎቻችን ከሚመላለሱባት ከጓንጁ ወደብ በመርከብ ተነሥቶ በሱማትራ ደሴት በኩል ወደ ሕንድ ተሻገረ፤ በናላንዳ ገዳምም ዐሥር ዓመት ያህል ተማረ። ወደ አገሩ የተመለሰው በ695 ነው። ወደ አገሩ ሳይገባ ገና በሱማትራ ሳለ ለወገኖቹ የላከው ባለ 40 ምዕራፍ መጽሐፍ አለ። አንባቢ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የሃይማኖት ክርክር ብቻ እጠብቃለሁ ቢል፥ ከዚያ ይልቅ ስለ እጅ መታጠብ፥ ስለ ጥርስ መፋቂያ፥ ከምግብ በፊትና በኋላ አፍን ስለ መጕመጥመጥ፥ የተራረፈ ምግብን ስላለመብላት ተጽፎ ያገኛል። የሚጠጣው ውሃ በአንድ ማሰሮ፥ የሚታጠቡበት በሌላ ማሰሮ ለየብቻው እንዲቀመጥ፥ የሚጠጣውም በሐር ጨርቅ ተጠልሎ እንዲሆን ያዝዛል።

መነኰሳቱ ውሃውን የሚያጠልሉት በውሃው ውስጥ ላሉት ጥቃቅን ነፍሳት በመራራት እንጂ ከበሽታ ለመዳን ብለው አልነበረም። ሆኖም ነገሩ ከንቱ ልማድ ብቻ እንዳልነበረ ከብዙ ዘመን በኋላ ታወቀ። ሪታ ኮልዌልና ባልደረቦቻቸው በባንግላዴሽ ገጠር በ65 መንደሮች ያደረጉት ጥናት በ2003 ሲታተም፥ የኩሬና የወንዝ ውሃን ባረጀ ሳሪ፥ ይኸውም ሴቶች በሚለብሱት ጨርቅ፥ ደራርበው ያጠለሉ ሰዎች በኮሌራ መያዛቸው በግማሽ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል። የኮሌራ ተሐዋስያን በውሃ ውስጥ ከሚዋኙ ጥቃቅን እንስሳት ላይ ተጣብቀው ስለሚኖሩ፥ ጨርቁ እንስሳቱን ሲያስቀር በሽታውንም አብሮ ያስቀር ኖሯል። በእርግጥ ጨርቅ እንደ እሳት አይሆንም፤ ማገዶ ላጣ ሰው ግን ትልቅ ነገር ነው።

የቻይና ሰዎች ደግሞ ውሃን አፍልቶ መጠጣትንና ሻይን ልማዳቸው አድርገው ኖሩ። ሻይ ይጣፍጥ ዘንድ ውሃው መፍላት አለበትና፥ ጠጪው ጤናዬን ልጠብቅ ብሎ ሳያስብ ጤናው ይጠበቅለታል። እኛም ቡናችንን ስናፈላ ሳናውቀው ይህንኑ እናደርጋለን። በእንግዳ አገር ያለ መንገደኛ ጠርሙሱ ያልታሸገ ውሃ ሲቀርብለት ቢጠራጠር፥ ትኵስ ሻይ ወይም ቡና ይምጣልኝ ማለቱ የጋባዡን ፊት ሳያሳፍር ራሱን ያድናል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በበረዶ ነው። ውሃውን አልጠጣም ያለ ሰው በታሸገ መጠጥ ውስጥ በረዶ ጨምሮ ሲጠጣ ይታያል፤ በረዶው ግን ያው የፈራው ውሃ ነው።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፥ የውሃ ነገር በቸልታ ሲታለፍ የሚያመጣውን ጥፋት እስያ ለዓለም አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በ1817 ከቤንጋል የተነሣው ኮሌራ የነጋዴውን፥ የወታደሩንና የተሳላሚውን መንገድ እየተከተለ ከአገር ወደ አገር ተዛመተ። ከሁሉ የከፋው ግን በ1865 የደረሰው ነው። በዚያ ዓመት በመካ ከተሰበሰቡት 90,000 ያህል ሐጅ አድራጊዎች መካከል 15,000 ያህሉ በኮሌራ እንዳለቁ ይገመታል። የተረፉት በእንፋሎት መርከብ ተጭነው ወደ ስዌዝ ሲመለሱ በሽታውም አብሯቸው ተሳፈረ፤ ከግብፅ ወጥቶም በዚያው ዓመት ወደ አውሮፓ ወደቦች ገባ። በግመል ሲሄድ መንገድ ላይ የሚሞተው በሽታ በመርከብ ሲሄድ በሕይወት የሚደርስ ሆነ። ዛሬ በአውሮፕላን ዘመን ለምንኖር ሰዎች ይህ ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል።

የበሽታውን መነሻ ለመፈለግ ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮክ ወደ ሕንድ ሄዶ በ1884 በካልካታ ከተማ የኮሌራን ተሐዋሲ ለየ። ያንኑ ተሐዋሲ የሰፈሩ ሰዎች ገላቸውን ከሚታጠቡበት፥ ልብሳቸውን ከሚያጥቡበትና የሚጠጡትን ከሚቀዱበት ከአንድ ኩሬ ውሃ ውስጥ አገኘው። መነኵሴው ዪጂንግ ከ1,200 ዓመት በፊት የመጠጡን ማሰሮ ከመታጠቢያው ማሰሮ ለዩ ያለው ቃል በዚህ ኩሬ ዳር ትርጕሙ ተገለጸ ማለት ይቻላል።

መድኃኒቱም የተገኘው በሽታው ከተነሣበት ከቤንጋል ምድር ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 በዳካ የነበሩ ሐኪሞች ስኳርና ጨው በተመጠነ ውሃ ውስጥ ተበጥብጦ ቢጠጣ፥ ኮሌራ የያዘው ሰው የፈሰሰውን የገላ ፈሳሽ በአፉ ሊተካ እንደሚችል አረጋገጡ። በ1971 በባንግላዴሽ ጦርነት ጊዜ ስደተኞች ወደ ሕንድ ጐርፈው በባንጋዎን ሰፈር ኮሌራ ሲገባ፥ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀ። ዲሊፕ ማሃላናቢስ የተባሉት ሕንዳዊ ሐኪም ያን ጊዜ ስኳሩንና ጨው የመሳሰለውን መጥነው በጥቅል አዘጋጅተው፥ በበርሜል አስበጥብጠው፥ እናቶችና ወንድሞች ለሕመምተኞቻቸው በጽዋ እንዲያጠጡ አዘዙ። ከመቶው ወደ 30 ደርሶ የነበረው ሟች በዚህ ሕክምና ከመቶው ከ4 በታች ወረደ። በአገራችን ጤና ጣቢያዎች ሕይወት አድን ንጥረ ነገር እየተባለ የሚሰጠው ይኸው ነው። መንገደኛ ጥቅሉን ባያገኝ፥ በአንድ ሊትር የተፈላ ውሃ ውስጥ የተስተካከለ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ቢጠጣ ሐኪም ዘንድ እስኪደርስ ይረዳዋል። ልኩን ግን መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ጨው ሲበዛ ይጐዳልና።

ክቡራን አድማጮች፤ ከውሃ ቀጥሎ የመንገደኛ ጠላት ትንኝ ናት። እ.ኤ.አ. በ1693 የቻይናው ንጉሠ ነገሥት ካንግሺ ንዳድ ያዘውና የቤተ መንግሥቱ ሐኪሞች ሊያድኑት አልቻሉም። ያን ጊዜ ከአውሮፓ የመጡ ኢየሱሳውያን ካህናት ከደቡብ አሜሪካ የተገኘ የዛፍ ቅርፊት መድኃኒት አቀረቡለት፤ በሌሎች ሰዎች ከተሞከረ በኋላ ጠጥቶ ዳነ። ዛሬ እኛ ማናቸውንም እንክብል «ኪኒን» የምንልበት ቃል ከዚሁ ቅርፊት ከወጣው መድኃኒት ስም የመጣ ነው።

መድኃኒቱ ቢገኝም ንዳዱ ከየት እንደሚመጣ አልታወቀም ነበር። ብዙ ሰው ከረግረግ ከሚነሣ ክፉ አየር የሚመጣ ይመስለው ነበር። ይህን ስሕተት ያፈረሰው በሕንድ ተወልዶ በዚያው በጦር ሠራዊት ሐኪምነት ያገለገለው ሮናልድ ሮስ ነው። ወባ የያዘው አንድ ሕንዳዊ፥ ለነከሰችው ለእያንዳንዷ ትንኝ አንድ አና እየተከፈለው ገላውን ለትንኞች ሰጠ። ሮስም በሴከንደራባድ ከተማ ኦገስት 20 ቀን 1897 ከእነዚህ ትንኞች የአንዷን ሆድ ከፍቶ የወባን ተሐዋሲ አየ። በ1902 ለዚህ ሥራው የኖቤል ሽልማት ሲሰጠው፥ የዚያ ሕንዳዊ ድርሻ ጥቂት አናዎች ብቻ ሆኖ ቀረ። በአጎበር ውስጥ የሚተኛ መንገደኛ ሁለቱንም ሊያመሰግን ይገባዋል።

ወደኋላ ደግሞ ተሐዋሲው የጥንቱን መድኃኒት እየለመደ ሲያስቸግር፥ የቻይና መንግሥት በ1967 አዲስ መድኃኒት የሚፈልጉ ሊቃውንትን አሰማራ። ከእነዚህ አንዷ የሆኑት ወይዘሮ ቱ ዮዩ በአራተኛው መቶ ዓመት የነበረው ሐኪም ጌ ሆንግ የጻፈውን የመድኃኒት መጽሐፍ ሲመረምሩ፥ የእኛ አሪቲ ወገን የሆነውን አንድ ቅጠል በውሃ ዘፍዝፎ ጨምቆ መጠጣት ለንዳድ እንደሚበጅ አነበቡ። ጥንታዊው ሐኪም «አፍሉት» አለማለቱን ልብ አሉ፤ የቅጠሉን ኀይል የሚያጠፋው እሳት መሆኑንም ተረዱ። ከዚያ በኋላ በዝቅተኛ ሙቀት መድኃኒቱን አወጡ። በ2015 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ከዚህ ቅጠል የተገኘው መድኃኒት ከ2004 ጀምሮ በአገራችንም የወባ በሽተኞች የሚታከሙበት ሆኗል። ውሃን እሳት ያድነዋል፥ ይህን ቅጠል ግን እሳት ይገድለዋል፤ ጥበብ ማለት እያንዳንዱን ነገር በጠባዩ ማወቅ ነው።

የአዲስ አበባ ሰው በደጋ ስለሚኖር ገላው ወባን አልለመደም። ስለዚህ ወደ እስያ ቆላዎች የሚሄድ ሰው ከመነሣቱ በፊት ሐኪም ጠይቆ መከላከያውን መያዝ አለበት። በሌላ በኩል፥ ማረፊያዬ በትልቅ ከተማ ስለ ሆነ ትንኝ አያገኘኝም ማለትም ስሕተት ነው። ደንጊ የሚባለውን በሽታ የምታስተላልፈው ትንኝ ከተማን የምትወድ፥ በአበባ ማሰሮና በተጣለ ቆርቆሮ ውስጥ በተጠራቀመ ጥቂት ውሃ የምትራባ፥ የምትነክሰውም በቀን ናት። ደም የሚያፈስሰው ብርቱ የደንጊ ዐይነት በ1950ዎቹ ዓመታት በማኒላ፥ በ1958ም በባንኮክ ብዙ ሕፃናትን ያጠቃው በእነዚህ ትላልቅ ከተሞች ውስጥ ነበር። ለዚህ በሽታ የወባ ኪኒን አይረዳም፤ አስፕሪንም ደም መፍሰሱን ስለሚያባብስ አይወሰድም። እጅጌው ረጅም ልብስና በገላ የሚቀባ የትንኝ መከላከያ ግን ይረዳል።

ሦስተኛው ነገራችን የአገር በር ነው። እስካሁን የተናገርነው መንገደኛው ራሱን ስለሚጠብቅበት ነበር፤ አሁን ደግሞ የሚያስተናግደውን አገር ስለሚጠብቅበት እንናገራለን። ከ1865ቱ እልቂት በኋላ መንግሥታት በ1866 በቍስጥንጥንያ ተሰብስበው በቀይ ባሕር የሚያልፉ መንገደኞች ስለሚመረመሩበት ሁኔታ ተወያዩ። ከዚያም በኋላ በየመን አጠገብ ባለችው በካማራን ደሴትና በሲና ምድር በኤል ጦር ሐጅ አድራጊዎች ወደ አገር ሳይገቡ ለጥቂት ቀን ተለይተው የሚቈዩባቸው ጣቢያዎች ቆሙ። ያ ቈይታ ለመንገደኞቹ መራራ ነበር፤ ነገር ግን ከእነርሱ በኋላ ላለው ከተማ ሁሉ አጥር ሆነ።

በዚህ ነገር የእኛ አገር ታሪክ ከእስያ ጋር የሚገናኝበት አንድ ቦታ አለ። ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተነሣው የቢጫ ወባ ወረርሽኝ 30,000 ያህል ሰዎችን እንደ ገደለ ይገመታል። የሚያስደንቀው ግን ይህ በሽታ እስከ ዛሬ በእስያ ምድር ሥር ሰድዶ አለማወቁ ነው። የምታስተላልፈው ትንኝ፥ ይኸውም ያችው የደንጊ ትንኝ፥ በእስያ ከተሞች ሞልታ ሳለ በሽታው ግን አልገባም። በ2016 በአንጎላ ይሠሩ የነበሩ 11 ቻይናውያን በሽታውን ይዘው ወደ አገራቸው በተመለሱ ጊዜ የዓለም ሐኪሞች ሁሉ የደነገጡት ስለዚህ ነው።

እንግዲህ የሕንድ ሹማምንት ከአዲስ አበባ የመጣውን መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ምስክር ወረቀት ሲጠይቁት፥ ብዙ ሰው እንደ ንቀት ወይም እንደ ቢሮ ማጕላላት ይቈጥረዋል። ወረቀት የማጻፍና ማኅተም የማስመታት ሥራ ለምናውቀው ለእኛ ለመንግሥት ሠራተኞች ነገሩን እንዲህ ማቃለል ይቀልለን ይሆናል። ነገር ግን ያች ቢጫ ካርድ ተራ ወረቀት አይደለችም፤ እንግዳ ወደ ሰው ቤት ሲገባ ጫማውን እንደሚያራግፍ ያለች ናት። ክትባቱ ከጕዞው ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሞ መወጋት አለበት፤ ከ2016 ወዲህም አንድ ጊዜ የተወጋ ሰው ምስክር ወረቀቱ ለዕድሜ ልኩ ይጸናል። ሳይከተብ በገንዘብ ወረቀቱን ብቻ የሚያጽፍ ሰው የሚያታልለው የበር ጠባቂውን ብቻ አይደለም፤ የራሱን ገላ፥ ደግሞም የሚያስተናግዱትን ሰዎች ልጆች ነው።

አንድ መንገደኛ ምን ያህል ሊያመጣ እንደሚችል በ2003 ታይቷል። በፌብሩዋሪ ወር ከደቡብ ቻይና የመጣ አንድ የታመመ ሐኪም በሆንግ ኮንግ ሆቴል ባደረበት ጊዜ፥ ሳርስ የተባለው በሽታ ወደ ሌሎች እንግዶች ተላለፈ፤ እነርሱም ወደ ቬትናም፥ ወደ ሲንጋፖርና ወደ ካናዳ ይዘውት ሄዱ። በሃኖይ ከተማ ይህ አዲስ በሽታ መሆኑን ለይተው ዓለምን ያስጠነቀቁት የዓለም ጤና ድርጅት ሐኪም ካርሎ ኡርባኒ፥ ራሳቸው ታመው ማርች 29 ቀን 2003 በባንኮክ ዐረፉ። እርሳቸውም በእስያ መንገደኛ ነበሩ። ይህን በሽታ ለማቆም ከዋሉት ነገሮች አንዱ፥ አንድ ሐኪም ያየውን ሳይደብቅ በጊዜው መናገሩ ነበር።

ይህ ወደ መጨረሻው ምክራችን ያደርሰናል። ከእስያ የተመለሰ ሰው በሳምንታት፥ እንዲያውም በወራት ውስጥ ትኵሳት ቢይዘው ብርድ ነው ብሎ አይተኛ፤ ሐኪም ዘንድ ሄዶ «እገሌ ከተባለ አገር ከመጣሁ ይህን ያህል ቀን ነው» ብሎ ሳይጠየቅ ይናገር። በመንገዱም ሳለ ውሻ ቢነክሰው፥ ቍስሉ ትንሽ ነው ብሎ ሳይንቅ ወዲያውኑ በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ በዚያው ቀን ለክትባት ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውምና። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የአገራችን ምሳሌ ለዚህ ይሠራል።

ክቡራትና ክቡራን አድማጮች፤ የፋርሱ ንጉሥ በሠረገላ ያስጫነው ውሃ ዛሬ በየሱቁ በጠርሙስ ይገኛል። በካማራን ደሴት በብዙ ቀን ቈይታ ይጠበቅ የነበረው ጥንቃቄ በአንድ መርፌና በአንዲት ቢጫ ካርድ ያልቃል። ብዙ ሰው ያለቀበትን ዕውቀት ያለ ዋጋ የምንቀበል ወራሾች ነን፤ የሚቀረን ልብ ማለት ብቻ ነው። ከእንግዲህ ወዳጃችንን ወደ ሩቅ አገር ስንሸኝ «በጤና ያገናኘን» ከማለታችን በፊት፥ «ተከትበሃል ወይ? መድኃኒትህን ይዘሃል ወይ?» ብለን ብንጠይቀው ምርቃታችን የበለጠ ይሠምራል።